የስምንት ቁጥር ቁልፍ

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ልጄ ናታን መዳፉን ዘርግቶ ከመኪናዬ በር አጠገብ ቆመ። «ዳድ፣ ፕሊስ፣ ዛሬ እኔ ልንዳ» አለኝ። ለምን እንዳለኝ አላጣሁትም። ጠዋት ስንመጣ ከናይሮቢው የሞምባሳ መንገድ በላይ በተንጠለጠለው በአዲሱ መንገድ ላይ መውረጃችንን አልፌው ሄጄ ነበር። ሰሌዳው አረንጓዴ መሆኑን አይቻለሁ፤ የተጻፈበት ግን እርግማን ይሁን ምርቃት አልለየሁም። ያም ሆኖ «ሳልሞት ልትወርሰኝ ነው?» ብዬ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩና እኔው ነዳሁ። ሰፈራችን ሳውዝ ሲ ልንደርስ ስንል ባለቤቴ ስንዱ ከኋላ ወንበር ሆና፣ ለራሷ የምታወራ መስላ፣ «ጋሽ አያሌው እዚህ ቢኖር ጥሩ ነበር» አለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። ሳምንቱን ሙሉ ከአያሌው ጋር ነው የሰነበትኩት፤ ከአያሌውና ከዚያ ዘመን ጋር።

ያ ዘመን የምለው ይኼ ሁሉ ፎቅና ተንጠልጣይ መንገድ ሳይመጣ ነው። ከሳውዝ ሲ መሃል ከተማ በማታቱ፣ በሚኒባስ ታክሲ ማለት ነው፣ ሃያ ሽልንግ ነበር፤ ዝናብ ጠብ ካለ ግን ረዳቱ ቀና ብሎ ሰማዩን ያይና ሠላሳ ያደርገዋል። ማታቱዎቹንም እንደ ዛሬዎቹ አድርጋችሁ እንዳታስቧቸው። ጎናቸው ላይ የኳስ ተጫዋችና የዘፋኝ ሥዕል የተሣለባቸው፣ ሙዚቃቸው ገና ከሩቅ ደረት የሚደልቅ፣ ለአሥራ አራት ሰው በተሠራ ወንበር ሃያ ሰው የሚያጭቁ ነበሩ። በኋላ ቢጫ መስመር ተቀብተው ቀበቶ እንዲያስገጥሙ የተገደዱ ጊዜ ከተማው ለጥቂት ቀናት ጸጥ አለ፤ ስንማረርበት የኖርነው ጩኸት ናፈቀን። ስልክ ካርድ እየፋቅን የምንሞላበት፣ ሰው እንዲደውልልን ጠርተን ቶሎ የምንዘጋበት ጊዜ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ስንዱ ጊኮምባ ገበያ ትወርድና ሚቱምባ ከሚሉት የሰልባጅ ክምር ውስጥ ለእኔ የሱፍ ኮት መርጣ ትመጣለች። አንዱ ኮት ኪስ ውስጥ የባዕድ አገር የአውቶቡስ ትኬት አግኝቼ ለብዙ ጊዜ አስቀምጬው ነበር። ያ ሰውዬ ከአውቶቡሱ ወርዶ የት ሄዶ ይሆን እያልኩ ቢሮ ውስጥ አስብ ነበር። ሥራዬ ራሱ ማን ከየት ተነስቶ የት ሄደ ማለት ስለነበረ ልማዱ ይመስለኛል።

በአንድ የዕርዳታ ድርጅት ውስጥ የተሽከርካሪ ስምሪት ኃላፊ ነበርኩ። ቢሯችን መሃል ከተማ ሲሆን የመኪናዎቹ ግቢ ግን ኢምባካሲ፣ ከአየር ማረፊያው አጥር ማዶ፣ ከመጋዘኖቹ መካከል ነበር። ጠዋት ስገባ የናፍጣ ሽታና በር ላይ የምትቀመጠው ሴት የምትጠብሰው የበቆሎ ሽታ አንድ ላይ ይቀበሉኛል። ነጫጮቹ ላንድክሩዘሮች ረጃጅም የሬዲዮ አንቴናቸውን አቁመው፣ አፍንጫቸውን ወደ በሩ አዙረው ተደርድረዋል። ግቢው መሃል አንድ ትልቅ የጃካራንዳ ዛፍ አለ፤ ሲያብብ መኪናዎቹን ሁሉ ሐምራዊ ያለብሳቸዋል፤ ሹፌሮቹም እየተራገሙ ይጠርጋሉ። ዛሬም ናፍጣና በቆሎ አንድ ላይ ከሸተተኝ ዘወር ብዬ ቁልፍ የሚጠይቀኝ ሹፌር እፈልጋለሁ።

በወረቀት መኪናዎቹ የድርጅቱ ናቸው። በተግባር ግን እያንዳንዱ መኪና የሹፌሩ ነበር። ቁልፉ እሱ ኪስ ያድራል፤ መኪናውም እሱ ደጅ ያድራል። ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት ያደርሳል፤ ቅዳሜ ለአማት ቤት ሲሚንቶ ይጭናል። እኛ ሐበሾችም ብንሆን የምንታማ አልነበርንም። የናይሮቢ ሐበሻ ሠርግ ያለ ዕርዳታ ድርጅት መኪና አይደምቅም፤ በሩ ላይ ያለውን ምልክት በአበባ ሸፍነን ጥሩንባ እየነፋን ከተማውን እንዞራለን። አንድ ቅዳሜ እንዲህ ስንዞር አለቃችን፣ አንዲት ስኮትላንዳዊት ሴት፣ ከገበያ ስትመለስ መብራት ላይ ጎን ለጎን ቆምን። እኔ ከፊት ወንበር ነበርኩ፣ እያጨበጨብኩ። ሰኞ ጠዋት አስጠራችኝ። አልተቆጣችም። «ሠርጉ ያማረ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝና የተሽከርካሪ አስተዳደር መመሪያ እንድጽፍ አዘዘችኝ።

እኔን ደግሞ ታውቁኛላችሁ፤ ሥራ ከያዝኩ ውሃ ቀጠነ ባይ ነኝ። የሌሎች ድርጅቶችን መመሪያ ለምኜ ሰበሰብኩ፤ አነበብኩ፤ ጻፍኩ፤ ቀደድኩ። ማታ ማታ ቁልፉ ሁሉ ኢምባካሲ ሰሌዳ ላይ ይሰቀላል። ያለ ጉዞ ማዘዣ መኪና ከግቢ አይወጣም። የኋላ ተሳፋሪም ቀበቶ ያስራል። ሠራተኛ ያልሆነ ሰው አይሳፈርም። እያንዳንዱ ሹፌር በየዓመቱ የዓይን ምርመራ ያደርጋል፤ ያላለፈ ይሰናበታል። ይህችን የመጨረሻዋን ስጽፍ ሻይ እየጠጣሁ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ሻዩ ጣፋጭ ነበር።

ሹፌሮቹን ጃካራንዳው ሥር ሰብስቤ አነበብኩላቸው። የሹፌሮቹ አለቃ ሙቱዋ የማቻኮስ ሰው ነው፤ ሳይስቅ የሚያስቅ። እጁን አወጣ። «ቦስ፣ ሚስትህ ዝናብ ላይ ቆማ ብታያት አልፈሃት ሂድ ነው የሚለው?» አለኝ። «ሠራተኛ ካልሆነች አዎ» አልኩት። ሁሉም ሳቁ። እግዜር ደግሞ ቀልድ አይጠላም፤ ብዙም ሳይቆይ በዶፍ ዝናብ በኒያዮ ስታዲየም አደባባይ ስናልፍ ስንዱ ካቲካላ እንደጠጣ ሰው በንፋስ ከሚወዛወዝ ጃንጥላ ሥር ቆማለች። የሚነዳው ሙቱዋ ነበር። እግሩን ከነዳጅ ላይ አንስቶ ፊቴን አየኝ። እኔም ለስንዱ እጄን አውለበለብኩላትና አለፍን። የዚያን ሰሞን ቤቴ ውስጥ የበላሁት ራት ሁሉ ቀዝቃዛ ነበር፤ መመሪያው ግን በሹፌሮቹ ዘንድ ተከበረ። በሚስቱ ላይ ያልሳሳ በእኛ ላይም አይሳሳም ተባለ። ማንም ያላሰበው አበልጄን ነው።

አበልጄ ጋሽ አያሌው የስምንት ቁጥር ላንድክሩዘር ሹፌር ነበር። ያቺን መኪና ከአዲስ አበባ በሞያሌ በኩል፣ መንገዱ ገና አቧራ ሳለ፣ ራሱ ነድቶ ያመጣት እሱ ነው። ከእኔ በብዙ ይበልጠኛል። ካኪ ኮቱ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ጢሙ የተከረከመ፣ ነገሩ ሁሉ በቀስታ ነው። መኪናው ውስጥ የቆዩ ትዝታዎች የተቀዱበት አንድ ካሴት ብቻ ነበረው፤ ሲያልቅ ገልብጦ እንደገና ይጀምረዋል። በር በኃይል የሚዘጋ ሰው ካጋጠመው፣ ትልቅ ባለሥልጣንም ይሁን ነጭ፣ «በር እኮ ነው፤ ጠላት አይደለም» ይለዋል። ናታን በተወለደ በአርባ ቀኑ ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። በሰው አገር ወንድም እህት የሌለው ሰው አበልጅ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ስታመም የሚያድረው እሱ፣ ስንዱ ስትኮርፍ የሚያስታርቀን እሱ ነበር። የዝናቡንም ኩርፊያ የፈታው እሱ ነው፤ «መንግሥት ሆኖብሽ ነው እንጂ ባልሽማ ይወድሻል» ብሎ።

የዓይን ምርመራው መሃል ከተማ አንድ ክሊኒክ እንዲሆን ተዋዋልን። ሹፌሮቹ በየተራቸው እየሄዱ ማለፊያ ወረቀታቸውን አመጡልኝ። የአያሌው ተራ ሲደርስ መስክ ወጥቶ አገኘሁት። እንደገና ቀጠሮ ያዝኩለት፤ ጉንፋን ያዘው። ሌላ ቀጠሮ ያዝኩለት፤ የመኪናዋ ዘይት መቀየሪያ ሆነ። ጉንፋን ከዓይን ጋር ምን አገናኘው ብዬ ላፌዝበት ፈለግሁና ፊቱን ሳየው ተውኩት። ሹፌሮቹ ቁልፍ ሲቀበሉኝ ዝም ይሉ ጀመር። ዝምታቸው ምን እንደሚል ገብቶኛል፤ የውጭ አገር ሰውዬ ሕግ ለእኛ አወጣ፣ ለዘመዱ ደግሞ ቀጠሮ ያወጣል። አያሌውን ዝም ብዬ ባልፈው መመሪያው እዚያው ሞተ ማለት ነው። ካስገደድኩትና ከወደቀ በራሴ ብዕር እንጀራውን ቆረጥኩ፤ በዚያ ዕድሜው ናይሮቢ ውስጥ ማን ይቀጥረዋል? ሁለት ልጆቹ ገና ኮሌጅ ነበሩ። ስንዱን ባማክራት «እኔንስ ዝናብ ላይ ጥለህ አልፈሃል፤ እሱን ግን እንዳትሞክራት» አለችኝ። ያን ሰሞን እንቅልፌ ሁሉ ቁርጥራጭ ነበር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት ሰዎች ቆመዋል። መሃል ከተማ ምግብ ቤት ያለው አቶ ዘውዱ በሱፍ ኮቱ ላይ ነጠላ ደርቧል። ከጎኑ ቀሲስ ገብረ ሕይወት መስቀላቸውን ይዘዋል። ከኋላ ደግሞ፣ ማን ቢሆን ጥሩ ነው፣ ሙቱዋ፣ የሠርግ ክራቫቱን አስሮ። ሽምግልና እንደመጡ ከአቋቋማቸው ገባኝ።

«ኧረ ግቡ! ተቀመጡ» አልኩ።

«ገብተናል፤ ግን አንቀመጥም» አለ አቶ ዘውዱ። «የመጣንበትን ሳትፈጽምልን አንቀመጥም።»

«ሲካይ፣ ቦስ» አለ ሙቱዋም ቀጥ ብሎ። «እኔም አልቀመጥም። እኛም አገር እንዲሁ ነው።»

ደሜ ፈላ። ሽማግሌ ባል ለማስታረቅ ይላካል፤ ልጅ ለመጠየቅ ይላካል። በአንድ ድርጅት የተሽከርካሪ መመሪያ ላይ ሽማግሌ ሲላክ ግን ከእኔ በፊት የሰማ ያለ አይመስለኝም። የሚሉትን አውቄዋለሁ ብዬ አፋቸውን ሳይከፍቱ ጀመርኩ። ጋሽ አያሌውን እንደ ወንድሜ እንደምወደው፣ ነገር ግን ሕግ ሰው እንደማይመርጥ፣ እሱን ከምርመራ ካስቀረሁ ነገ ሁሉም ሽማግሌ ይዞ እንደሚመጣ፣ መንገድ ላይ የሰው ነፍስ እንዳለ ተናገርኩ። ስንዱ ከጓዳ ብቅ ብላ በዓይኗ ብትቆጣኝም አላቆምኩም። ትንፋሽ ሲያጥረኝ ቀሲስ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጨረስክ ልጄ?»

«ጨርሻለሁ አባ።»

«ሳይጠሩህ አቤት አልክ። ከምርመራ አስቀርልን ያለህ ማን ነው?»

«ታዲያ ምን ልትሉኝ መጣችሁ?»

«ቁልፉን ከአያሌው ተቀበለው ልንልህ ነው የመጣነው» አሉ።

እኔ ራሴ መቀመጥ አማረኝ። የቀረውን የነገረኝ ሙቱዋ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት እሱና አያሌው ተከታትለው ሲነዱ ሳውዝ ቢ ላይ አረንጓዴ ሹራብ የለበሱ የትምህርት ቤት ልጆች መንገድ ያቋርጣሉ። ሙቱዋ ከኋላ ሆኖ የስምንት ቁጥር ፍሬን መብራት እስኪበራ ይጠብቃል፤ አይበራም፤ አይበራም፤ ከዚያ መኪናዋ ጎማዋ እያለቀሰ ትቆማለች። ልጆቹ እየሳቁ አለፉ። አያሌው ግን ግንባሩን መሪው ላይ አሳርፎ አልነሳ አለ። «ሹራባቸው ከሣሩ ጋር አንድ ሆነብኝ አለኝ» አለ ሙቱዋ። «ከዚያ ወዲህ የሄድንበት ሁሉ እኔ ከፊት፣ እሱ የእኔን ጀርባ እያየ ነው። እንዲህ እስከ መቼ ይሆናል፣ ቦስ?»

«ለምን ራሱ አልነገረኝም? አበልጁ አይደለሁም?» አልኩ።

«አበልጁ ስለሆንክ ነዋ!» አለ አቶ ዘውዱ። «ነግሮህ ብትሸፍንለት አንተ ትጠፋለህ። ነግሮህ ብታሰናብተው ዝምድናችሁ ይጠፋል። በራሱ አንስቶ ሰሌዳ ላይ ቢሰቅለው ደግሞ ፈርቶ ወረደ ይባላል። ዕድሜውን ሙሉ የነዳ ሰው ነው፤ ወረቀት አትችልም ሳይለው በፊት፣ ሹፌሮቹ ቆመው እያዩ፣ አንተ በእጅህ ተቀበለው። ይኼን ብቻ ነው የላከን።»

«ከተቀበልኩትማ ይሰናበታል» አልኩ። «መመሪያው የሚለው እንደዚያ ነው።»

ቀሲስ መስቀላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «መመሪያውን የጻፈው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያማ ደግ ነገር ነው። የጻፈው ሰው በሕይወት አለ።»

ያን ጊዜ ሳቄ መጣ፤ ዓይኔም ዕንባ አቀረረ፤ ሁለቱ እንዴት አንድ ላይ እንደሚመጡ አላውቅም። «በሉ ተቀመጡ፤ መፍትሔውን አብረን እንፈልግ» አልኩ። ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ ሙቱዋ ግራ ገብቶት ቆሞ ቀረ። «እሺ አለ ማለት ነው? ልቀመጥ?» ብሎ ስንዱን ጠየቃት። ስንዱ ሳቋ እስኪያንቃት ሳቀችና ምሳ አቀረበች። ያችን አንቀጽ የጻፍናት በዚያ ገበታ ላይ ነው፤ ዓይኑ ወይም ጤናው እንደደከመ የተሰማው ሹፌር አደጋ ሳያደርስ ቁልፉን በፈቃዱ ካስረከበ፣ ደመወዙ ሳይነካ በስምሪት ክፍል ሌላ ሥራ ይሰጠዋል።

በነጋታው ለአለቃችን ወሰድኩላት። አንብባ መነጽሯን አወለቀች። «ጥሩ ነው። ማንን አማክረህ ነው?» አለችኝ። «ሽማግሌዎችን» አልኳት። «የየትኛው ክፍል ናቸው?» አለች። ይህን ማስረዳት ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ፤ ሲገባት ግን ብዕሯን አነሳች። የእኛም አገር አባቶች ቢሆኑ ቆመው ነበር የሚጠብቁት ብላ ፈረመችበት። እውነቷን ይሁን እኔን ለማስደሰት ብላ እስከዛሬ አላወቅሁም።

ጋሽ አያሌው በርክክቡ ዕለት መኪናዋን አጥቦ፣ ጎማዋን ሳይቀር ወልውሎ ጠበቀን። ጃካራንዳው አብቦ ነበር፤ አንድም አበባ ጣሪያዋ ላይ አልነበረም። ሹፌሮቹ ማንም ሳያዝዛቸው ተሰልፈው ቆሙ። ካሴቱን አውጥቶ ኪሱ ከተተ። በሩን እንደ ልማዱ ቀስ አድርጎ ዘጋ። ወደ እኔ ሲመጣ አረማመዱ የሹፌር ሳይሆን የሙሽራ አባት ነበር። እኔም ሁለት እጄን ዘረጋሁ፤ እሱም በሁለት እጁ ሰጠኝ።

«አበልጄ፣ ተረከበኝ» አለ። «ንጹሕ ነች። ማንንም አልነካችም።»

 ያዘጋጀሁትን ንግግር ትቼ አቅፌው ቆየሁ። ሙቱዋ ማጨብጨብ ጀመረ፤ የቀሩትም ተከተሉት።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ጋሽ አያሌው የሬዲዮ ክፍላችን ድምፅ ሆነ። «ስምንት፣ ስምንት፣ የት ደረስክ?» ሲል ናይሮቢም ሰሜኑ በረሃም ውስጥ ያለ ሹፌር ልቡ ይረጋ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ካሴቱን በቀስታ ይከፍተዋል፤ አንዳንዴም ሬዲዮውን ሲጫን ትዝታው አብሮ ይወጣና ኬንያውያኑ ሹፌሮች እያፏጩት ይገባሉ። ጡረታ ሲወጣ ቢሾፍቱ ልጁ ዘንድ ገባ። ድርጅቱም በኋላ ዕቃውን ጠቅልሎ ሄደ፤ የኢምባካሲው ግቢ ዛሬ የሴራሚክ መጋዘን ሆኗል፤ ጃካራንዳውም ተቆርጧል። ዛሬ መኪና የት እንዳለ ሳተላይት ይናገራል አሉ። ይናገር፤ ሹፌሩ ምን እንደፈራ ግን አይናገርም።

ትናንት ቅዳሜ ለጋሽ አያሌው ደወልኩለት። ሰማንያን አልፏል፤ ዓይኑ አሁን ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው፤ ጆሮው ግን ያው የሬዲዮ ጆሮ ነው። ስለ ሰሌዳው፣ ስለ ናታን፣ ስለ ቁልፉ ነገርኩት። አላቋረጠኝም።

«ስንት ሽማግሌ ልላክልህ?» አለኝ ስጨርስ።

«ከየት ታመጣለህ? ዘውዱም ቀሲስም አርፈዋል።»

«ሙቱዋ አለ አይደል? እሱ ብቻውን ይበቃሃል፤ አልቀመጥም ብሎ ቆሞብህ ያድራል።» ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አበልጄ፣ መኪናህ ሰው ነክታ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እንግዲያው አሁን ነው ጊዜው። ንጹሕ እንደሆነች ስጣት።»

ዛሬ ጠዋት ከስንዱም ከናታንም በፊት ተነስቼ መኪናዬን አጠብኩ። ናታን ሲወጣ እጅጌዬን ሰብስቤ ደጅ ቆሜ አገኘኝ። «ዳድ፣ ምን ሆነሃል?» አለ። በሁለት እጄ ቁልፉን ዘረጋሁለት።

«ተረከበኝ» አልኩት። «ንጹሕ ነች። ማንንም አልነካችም።»

ነገሩ እንዳልገባው አየሁ፤ ቢሆንም ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝ። ስንዱ ከደጃፉ ላይ ቆማ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። እኔ ዞሬ ከጎኑ ገባሁ፤ በሩን ቀስ አድርጌ ዘጋሁ፤ ቀበቶዬንም አሰርኩ።